ሁለት ባላ

ባለፈው ሰሞን በምሳ ሰዓት አንድ ወዳጃችን ወደ እንጦጦ ሸንተረር እያመለከተ፣ «በድኻ አገር ለሁለት የስልክ ኩባንያ ሁለት ሁለት ማማ ማቆም ብክነት ነው፤ ለምን አይዋሐዱም?» አለ። ነገሩ ለሾላ ገበያ ነጋዴ የእንጀራ ጉዳይ ስለ ሆነ በዝርዝር ልመልስለት።

ኢትዮ ቴሌኮም በ2003 ዓ.ም. ሲቋቋም ገበያው የብቻው ነበር። በ2013 ዓ.ም. መንግሥት በሳፋሪኮም ለሚመራ የኩባንያዎች ጥምረት በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ ሰጠ። አገልግሎቱም በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ከድሬዳዋ ተነሥቶ በመስከረም 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ ወዲህ የየካ ባለ ሱቅ በ09 እና በ07 የሚጀምሩ ሁለት ቁጥሮች ሊይዝ ቻለ።

አበው «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላሉ። ነጋዴው ትእዛዝ የሚቀበለውም፣ ሒሳብ የሚልከውም በስልክ ነው። የአንዱ ኔትወርክ ቢቋረጥ በሌላው ይሠራል፤ የአንዱ ዋጋ ቢከብደው ሌላውን ይጠይቃል። ኩባንያዎቹ ቢዋሐዱ ግን ሲም ካርዶቹ ሁለት ቢሆኑም የተንጠለጠሉበት ባላ አንድ ይሆናል።

ውሕደት ጥቅም የለውም አልልም። ማማና የአየር ሞገድ ሲደመር ኔትወርኩ ይሰፋል፣ ይፈጥናልም። በእንግሊዝ አገር ቮዳፎንና ስሪ በግንቦት 2017 ዓ.ም. ሲዋሐዱ አራቱ ኔትወርኮች ሦስት ሆኑ። የውድድር ባለሥልጣኑ ግን በዝምታ አላሳለፋቸውም፤ የ11 ቢሊዮን ፓውንድ የማሻሻያ ዕቅዳቸውን እንዲፈጽሙ፣ አንዳንድ ዋጋዎችንም ለሦስት ዓመት ከጣሪያ በላይ እንዳያወጡ ግዴታ አስገባቸው። አራቱ ሦስት ሲሆኑ ይህን ያህል ጥንቃቄ ካስፈለገ፣ ሁለቱ አንድ ቢሆኑ ምን ሊባል ነው?

ደግሞስ ወጪ ለመቀነስ ኩባንያ ማዋሐድ ግድ አይደለም፤ ማማ መጋራት ይቻላል። ሁለቱ ኩባንያዎቻችንም መሠረተ ልማት ለመጋራት ተዋውለዋል። በተራራ ላይ አንድ ማማ ለሁለት ቢያገለግል ብረቱ፣ መንገዱና የኤሌክትሪክ መስመሩ ይቆጠባል፤ ዋጋ አውጪው ግን ሁለት ሆኖ ይቀራል። እርግጥ የጋራው ማማ ኃይል ሲያጣ ሁለቱም ጸጥ ይላሉ። ስለዚህ መጋራትም ልክ አለው።

እንግዲህ ወዳጄ ሆይ፣ በማማው እስማማለሁ። ነጋዴው አንዱ ሲያስከፋው የሚያንኳኳው ሌላ በር ግን አይዘጋበት።