ለሰኞም ለቅዳሜም የሚሆን ሳይክል

በባሕር ዳር ከተማ ስለ ሳይክል መጻፍ ለቀባሪው ማርዳት ነው የሚሉ ወንድሞች እንደሚኖሩ ዐውቃለሁ። ከተማችን ሜዳ ናት፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ጣና ዳር ተዘርግታለች፤ ጀርመናዊው የከተማ ፕላን ሊቅ ማክስ ጉተር በ1950ዎቹ ዓ.ም. ካወጡት ፕላን የተነሣም ዋና ዋና መንገዶቿ ሰፋፊና ቀጥ ያሉ ሆነው ዘንባባ ለብሰዋል። እንዲህ ባለ ስፍራ ሳይክል መንዳት ከእግር መሄድ ቀጥሎ የሚለመድ ነገር ነው። ይሁን እንጂ መንዳት ማወቅና መግዛት ማወቅ ልዩ ልዩ ዕውቀቶች ናቸው። ይኸንን ልዩነት የተማርሁት በታላቅ እኅቴ ገንዘብ ስለሆነ ሌላው ተማሪ በራሱ እኅት ገንዘብ እንዳይማረው ብዬ ነው ብዕሬን ያነሣሁት።

ባለፈው ዓመት እኅቴ ከደመወዟ እየቀነሰች ያጠራቀመችውን ስትልክልኝ፣ «ለባጃጅ የምታወጣው ይቅርልህ፤ ቅዳሜ ቅዳሜም እግርህን አፍታታበት» ብላኝ ነበር። እኔም ገበያ ወጣሁና ከሁሉ የሚያብረቀርቀውን መረጥሁ። ከፊትም ከኋላም ሞላ አለው፤ 21 ማርሽ አለው፤ በሁለቱም እግሩ ዲስክ ፍሬን አለው። ከተከራየሁበት ከቀበሌ 14 እስከ ፔዳ ግቢ ሦስት ሳምንት በኩራት ተመላለስሁበት። በአራተኛው ቅዳሜ ከጢስ ዓባይ መንገድ ወጣ ብዬ በገበሬዎች የእግር መንገድ ስሄድ፣ የኋላውን ሞላ ከቴላዮው ጋር የሚያያይዘው ብሎን ተቆረጠና ሳይክሉ እንደ ደከመ በቅሎ በወገቡ ተንበረከከ። ከተማ የደረስሁት ተሸክሜው ከመሸ በኋላ ነው።

ሰኞ ዕለት ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሳይክል ከሚጠግኑ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ዘንድ ወሰድሁት። ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩትና፣ «ልጄ፣ ይኸ እኮ ለማየት የተሠራ ነው» አሉኝ።

«አይጠገንም እንዴ ጋሼ?»

«መጠገኑስ ይጠገናል። የዚህን ብሎን ልክ ከየት ላምጣልህ?»

ከዚያ ወዲያ ሳይክል ሳይ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ጥያቄ የእሳቸው ጥያቄ ነው። እኔ የቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝና የፖሊ ግቢ ወንድሞቻችን በድፍረቴ ይሥቁ ይሆናል፤ ነገር ግን ዛፍ ሥር ተቀምጬ የጠየቅሁትን፣ ያነበብሁትንና በገዛ ጉልበቴ የፈተንሁትን እነሆ።

«ማውንቴን» እያልን የምንጠራው ሳይክል ከየት እንደ መጣ ማወቅ ለምርጫው ይረዳል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አገር፣ በካሊፎርኒያ ማሪን በሚባለው አውራጃ የነበሩ ወጣቶች ከተራራ ቁልቁል ለመንደርደር የተጠቀሙት በውድ ዋጋ የተገዛ ዕቃ አልነበረም፤ የአባቶቻቸው ዘመን ወፍራም ጎማ ያለው ከባድ የብረት ሳይክል ነበር። በ1976 እ.ኤ.አ. የጀመሩት «ሪፓክ» የተባለው ውድድር ስሙን ያገኘውም ከዚሁ ነው፤ የኋላው ፍሬን በቁልቁለቱ ግሎ ግራሱ ተኖ ስለሚያልቅ፣ ከእያንዳንዱ ግልቢያ በኋላ እንደገና ግራስ መሙላት ግድ ነበር። ፋብሪካ በብዛት እየሠራ መሸጥ የጀመረው በ1981፣ በኦሊምፒክ ውድድር የገባው ደግሞ በ1996 በአትላንታ ነው። እንግዲህ የዚህ ሳይክል መሠረቱ ወፍራም ጎማ፣ ጠንካራ ቴላዮና የሚይዝ ፍሬን ነው። ሞላው በኋላ የመጣ ቅጥያ ነው።

ቅጥያው መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። በብዙ ገንዘብ የተሠራ የኋላ ሞላ በድንጋይ ላይ ጎማውን ከመሬት ሳያላቅቅ ይይዛል። በተማሪ ዋጋ የሚገኘው ግን ከባድ ጥቅልል ሽቦ ብቻ ነው፤ ፔዳሉን በረገጥን ቁጥር እየተጨማተረ ጉልበታችንን ይበላል፣ 2 ኪሎ ያህል ክብደት ይጨምራል፣ በየመጋጠሚያው የሚላላ ብሎን ያበዛል። ከሰኞ እስከ ዓርብ አስፋልት ላይ ለሚሄድ ሰው ይህ ሁሉ ዕዳ ነው። ስለዚህ ያለ ማመንታት የምመክረው ኋላው ደረቅ የሆነውን ነው። ለፊቱ ሞላ ያን ያህል አልከራከርም፤ ካለው ግን ለከተማ መንገድ የሚቆለፍ ቢሆን ይሻላል።

ቴላዮው ብረት ይሁን ወይስ አሉሚኒየም? አሉሚኒየም በክብደቱ የብረት ሲሶ ስለሆነ ለሰሚው ሚዛን የሚደፋ ይመስላል። ሆኖም ጥንካሬው ስለሚያንስ ወፍራም ቱቦ ሆኖ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ በርካሹ ሳይክል ላይ የሚገኘው ቅነሳ ከተነገረን ያነሰ ነው። ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው። ብረት ቢሰነጠቅ የበርና የመስኮት በያጅ ዘንድ ወስደን በዚያው ቀን እንመለሳለን፤ አሉሚኒየም ግን የተለየ የብየዳ መሣሪያና የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። አሁን የምነዳው አሮጌ ብረት ነው፤ መጫኛው ሥር አንድ የብየዳ ጠባሳ አለው፤ በዚህም አላፍርም።

ስለ ጎማ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፤ ይኸውም በጎማው ጎን በደቃቁ የተጻፈው ሦስት አሃዝ ነው። 26 ቁጥር የሚባለው 559፣ ሃያ ሰባት ተኩል የሚባለው 584፣ 29 ቁጥር 622 ተብሎ ይጻፋል፤ ይህም ጎማው በቸርኬው ላይ የሚያርፍበት ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። የጥንቱ የህንድና የቻይና ባለ ረጅም እግር 28 ቁጥር ደግሞ 635 ነው። አንዱ ለሌላው አይሆንም፤ 28 ተብሎ የተሸጠ ሁሉም አንድ አይደለም። 29 ቁጥር ጉድጓድን በቀላሉ እንደሚሻገር እውነት ነው፤ ነገር ግን ከመግዛታችን በፊት ሁለት ሦስት ሱቅ ዞረን «የዚህ ጎማና ከመነዳሪ አለ?» ብለን እንጠይቅ። ባለ ሱቁ ሳያመነታ እጁን ወደ መደርደሪያው የሚዘረጋበትን ቁጥር መግዛት ነው። እኔ በዚህ መንገድ 26 ላይ ደረስሁ።

የጎማው ስፋት ከ1.95 እስከ 2.1 ኢንች ቢሆን ለሁለቱም ሥራ ይበቃል። ጥርሱ በመካከል የተቀራረበ፣ በዳርና በዳር የተራራቀ ይሁን፤ በመካከል የተራራቀ ጥርስ አስፋልት ላይ እየጮኸ ጉልበት ይጨርሳል፣ ቶሎም ያልቃል። ከሰኞ እስከ ዓርብ 45 ፒኤስአይ ያህል ነፍቶ መሄድ፣ ቅዳሜ ጠዋት ወደ 35 ዝቅ ማድረግ ደግሞ ከማንኛውም ሞላ የበለጠ ምቾት ይሰጣል፤ ዋጋውም ትንፋሽ ብቻ ነው። ከ30 በታች ከወረደ ግን ከመነዳሪው በድንጋይና በቸርኬ መካከል ተቆንጥጦ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ያወጣል። ከዚህም ሌላ የግራር እሾኽና ኩርንችት አሉ። ከበጋው አጋማሽ በኋላ ከአስፋልት የወጣ ሰው ልጣፍ፣ ማስቲሽና መንፊያ ሳይዝ ከሄደ ወዳጄ አይደለም፤ የእኔን ይዋሳልና።

ፍሬንን በተመለከተ እኔ የገንዘብን ያህል ለሕይወትም እፈራለሁ። ከበዛዊት ኮረብታ ቁልቁል ሲወረድ ከብት የሚነዱ ልጆችና እንጨት የተሸከሙ እናቶች በመንገዱ አሉ፤ የእኛ መዝናኛ ለእነርሱ የሥራ መንገድ ነው። በዘይት የሚሠራው ዲስክ ፍሬን በጣት ይይዛል፣ ዝናብም ብዙ አይነካውም፤ ዘይቱ ሲፈስ ግን ቅዳሜ ገደል አፋፍ ላይ ምንም ማድረግ አይቻልም። በሽቦ የሚሳበው ዲስክ መካከለኛ ነው፤ ሆኖም ዲስኩ በትንሽ ግጭት ይጣመማል፣ የሚነክሰውም ሸራ እንደየሥሪቱ ቅርጹ ይለያያል። ቸርኬውን ከግራና ከቀኝ የሚነክሰው ባለ ጎማ ፍሬን ዝናብ ላይ ይዳከማል፤ ጭቃም ቸርኬውን ይበላዋል፤ ነገር ግን ጎማዎቹ በየቦታው ይገኛሉ፣ ያለቀው በዓይን ይታያል፣ ሽቦውም በመፍቻ ይጠብቃል። ለዚህ ከተማ ተማሪ የምመርጠው ይኸንኑ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ግን ከመቆም ያለብን ስፍራ እጥፍ ቀድመን እንያዝ፤ የመጀመሪያው የጎማ ዙር ውሃውን ለመጥረግ ብቻ ይሄዳልና።

ማርሽ ሲበዛ ሳይክሉ ይሻላል የሚለው ሐሳብ የሻጮች ነው። 21 ማርሽ ማለት ከፊት ሦስት ጥርስ ከኋላ ሰባት ተባዝቶ ነው፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ እርስ በርስ ይደጋገማሉ። መመልከት የሚገባው ሁለቱን ጫፎች ነው። የ26 ቁጥር ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር 2 ሜትር ከ7 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል። ከፊት 42 ከኋላ 14 ጥርስ ስንይዝ አንድ የፔዳል ዙር ጎማውን ሦስት ጊዜ አዙሮ 6 ሜትር ከ20 ያህል ያስኬደናል፤ ይህ ለዘንባባው ጎዳና ነው። ከፊት 24 ከኋላ 28 ስንይዝ ግን 1 ሜትር ከ77 ብቻ ነው፤ ይህ ለበዛዊት ዳገት ነው። ዳገቱን ለመውጣት ይህን ትንሹን ጫፍ ማግኘት ከማርሹ ብዛት ይበልጣል። ማርሽ ጭራሽ የሌለው ነጠላ ሳይክል ለሰኞ ከበቂ በላይ ነው፤ ቅዳሜን ግን በእግር ያስጨርሳል።

ልክን በተመለከተ በአጭሩ፦ ሳይክሉን ሁለት እግሮቻችን መካከል አድርገን ቆመን፣ ከላይኛው ቱቦ እስከ ጉያችን ቢያንስ አምስት ሳንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ይኑር። ኮርቻው ላይ ተቀምጠን ተረከዛችንን ፔዳሉ ላይ ስናሳርፍ ጉልበታችን ቀጥ ይበል። «ታድግበታለህ» እያለ ትልቅ የሚሸጥልን ሰው የልጅ ጫማ ነጋዴ ነው፤ እኛ እንደሆን ማደጉን ጨርሰናል። እኅቶቻችን ደግሞ የላይኛው ቱቦ ዝቅ ያለውን ቢጠይቁ ነጠላም ቀሚስም ለብሶ ለመውጣትና ለመውረድ ይመቻል። «የሴት» ተብሎ ይናቃል እንጂ ድንጋያማ መንገድ ላይ በድንገት መውረድ ሲያስፈልግ ለወንዱም ያው ይጠቅመዋል።

ፓራፋንጎ ለሥራ ቀን ግዴታ ነው፤ ጀርባው በጭቃ የተረጨ ተማሪ ክፍል ሲገባ ከመምህሩ ይልቅ እሱ ይታያል። ነገር ግን የጣና ዳር ጥቁር አፈር በክረምት እንደ ሊጥ ነው፤ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ገብቶ ሳይክሉን ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። ስለዚህ በሁለት ብሎን የሚፈታ ፓራፋንጎ ይመረጣል። በክረምት ጥቁሩን አፈር ትቶ ቀዩን መከተልም ከማንኛውም ጎማ የበለጠ መፍትሔ ነው።

የት ይነዳል? ለጀማሪ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ የሳይክል መስመር ስላለው ጥሩ መነሻ ነው። ወደ ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ደርሶ መልስ ሲሆን ቀላል አይደለም። ፏፏቴውም ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ውሃውን ስለሚጋራው በበጋ ይሳሳል፤ ስለዚህ ለፏፏቴው ብሎ የሚሄድ ከክረምት ማግሥት ይሂድ። የዘጌ ቡና ጫካ ጥላው መልካም ነው፤ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚያደርሰው መንገድ ግን የእግረኛና የምእመናን ነውና ወርዶ መግፋት ይገባል። የሐይቁ ነፋስ ከቀትር በኋላ ስለሚበረታ ማለዳ መውጣት ይሻላል። ከሁሉ በፊት ግን፣ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን ግጭት ከተነሣ ወዲህ ቅዳሜን የሚወስነው ጎማ ወይም ማርሽ ብቻ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የመንገዱን ደኅንነት ከዚያው አካባቢ ሰው ሳይጠይቁ አለመውጣት፣ ሳይመሽም መመለስ። እኔ ተሸክሜ ያመሸሁባትን ዕለት ሳስብ የሚያስፈራኝ የትከሻዬ ሕመም አይደለም።

አሮጌ ለሚገዛ ደግሞ አንድ ምስጢር ልንገር። ካቴና ሲያልቅ ይረዝማል፤ የረዘመ ካቴና ጥርሶቹንም ይዞ ይሞታል። አዲስ ካቴና 24 መጋጠሚያው 30 ሳንቲ ሜትር ከ4.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከ30 ሳንቲ ሜትር ከ7 ሚሊ ሜትር ካለፈ ለካቴናው መለወጫ ከዋጋው ላይ እናስቀንስ። የተማሪ ማስመሪያ ለዚህ ሥራ በአምስት ሚሊ ሜትር ያንሳል፤ የአናጢ ሜትር መዋስ ያስፈልጋል። ቀጥሎ ጎማውን ከመሬት አንሥቶ ማሽከርከር፣ ቸርኬው ከፍሬኑ ጎን እየተወላገደ መሆኑን ማየት። የፊት ፍሬኑን ይዞ ሳይክሉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ መነቅነቅ፤ መሪው ሥር ቋ ቋ ካለ ኩሽኔታው ላልቷል ወይም አልቋል። በመጨረሻም ከያዝነው ገንዘብ አምስተኛውን አስቀርተን ለቁልፍ፣ ለመንፊያና ለመብራት እናውለው።

ቁልፉን በፊት ጎማ ብቻ የሚያስር ሰው ተመልሶ የሚያገኘው የፊት ጎማውን ነው። የእኔ ሰንሰለት በቴላዮውና በኋላ ጎማው መካከል አልፎ መማሪያ ክፍላችን ፊት ለፊት ባለው የብረት ምሰሶ ላይ ይታሰራል። የአናጢ ሜትር የሚፈልግ ሰው እዚያ ይጠብቀኝ፤ ከመጫኛው ሥር ባለው ከረጢት ውስጥ አለ።