እጅና አንጓው በአጨዳ ጊዜ

ኅዳር ገባ። ጤፉ ደርሷል፤ ስንዴውም ተከትሎታል። በዚህ ሰሞን ማታ ለትምህርት የሚመጡት አባቶችና እናቶች እርሳስ ሲይዙ ጣታቸው አልታዘዝ ይላል። አንዱ ተቆርጦ በጨርቅ ጠቅልሎታል፤ ሌላዋ አንጓዋን ታሻለች። «ፊደሉ አልከበደንም፤ እጃችን ነው እንቢ ያለን» ይሉናል። ስለዚህ ዛሬ ስለ እጅ እንጻፍ አልን።

እስቲ አንድ ነገር ይሞክሩ። የግራ ክንድዎን በቀኝ እጅዎ ይጨብጡና የግራ ጣቶችዎን ያንቀሳቅሱ። ከቆዳው በታች የሚሳብ ነገር ይሰማዎታል። ጣትን አጥብቆ የሚያጥፈው ትልቁ ጡንቻ ያለው ክንድ ላይ ነው። ከዚያ ተነሥተው እንደ ጠፍር ያሉ ጅማቶች በአንጓው ጠባብ መንገድ ያልፉና እስከ ጣት ይደርሳሉ። አንጓው ራሱ ከ8 ትንንሽ አጥንቶች የተገጣጠመ ነው። ማጭድ መዳፍን ወይም አንጓን በጥልቁ ከቆረጠ ጅማቱን ሊበጥስ ይችላል። ያን ጊዜ ቆዳው ቢድንም ጣቱ አይታጠፍም። የተበጠሰ ጅማት በሐኪም እጅ መሰፋት አለበት፤ ቶሎ ከሆነም ይሻላል።

አጫጅ በግራ እጁ ነዶውን ይጨብጣል፤ በቀኙ ማጭዱን ይስባል። አውራ ጣት ወደ ላይ ሆኖ ሲያዝ ለስለቱ የምትቀርበው ትንሿ ጣት ናት። ስለዚህ ከፍ አድርጎ መያዝ ነው፤ ስለቱም ከእጁ በታች ራቅ ብሎ ይለፍ። ደግሞ «የዶለዶመ ማጭድ አይቆርጥም» ብሎ መዘናጋት ስሕተት ነው። የዶለዶመ ማጭድ ጉልበት ይጠይቃል፤ በጉልበት ሲስቡት ያመልጣል፤ ሲያመልጥ ደግሞ እጅን ያገኛል። ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ይሳል። በወንፈልና በደቦ ጊዜም ቦታ ሰፋ አድርጎ መቆም ያስፈልጋል። ዘፈኑ ሲደምቅ ፉክክር ይመጣል፤ እኛም ልናግዝ ወጥተን ስንፎካከር ጎረቤታችንን ለጥቂት ስተነዋል።

የመጥረቢያና የዶማ ዛቢያ ከላላ ሽብልቅ ይግባበት። ዛቢያው በጣም ቀጭን ሲሆን እጅ ከልክ በላይ ይጨብጣል፤ አንጓውም ይደክማል። ጨርቅ ወይም ቆዳ ቢጠመጠምበት ይረዳል። ጎልፍ የሚባል ጨዋታ አለ፤ ትንሽ ኳስ በረጅም ዱላ እየመቱ ጉድጓድ ውስጥ ማስገባት ነው። እነዚያ ሰዎች ሲጫወቱ ውለውም አንጓቸውን ያማቸዋል። ዱላውን አጥብቆ መያዝና ያንኑ አመታት ያለ ዕረፍት መደጋገም አንዱ ምክንያት ነው። ታዲያ ቀኑን ሙሉ እንጨት የሚፈልጥ ሰው ምን ይበል? መሀል መሀል ላይ ይረፍ፤ እጁንም ይቀያይር። ሌሊት ሌሊት ጣት የሚደነዝዝ ከሆነ ሥራውን ቀነስ ያድርግ፤ ካልተወውም ጤና ጣቢያ ይታይ።

አሁን ያጠፋነውን እንናገር። አንድ አባት ከእርከን ላይ ተንሸራተው በመዳፋቸው ወደቁ። እኛ የተማርን ነን ብለን አንጓቸውን በሽመል ደግፈን በገመድ ጥፍር አድርገን አሰርን። ማታ ጣቶቻቸው አበጡ፤ ቀዘቀዙ፤ ጠቆሩም። ባለቤታቸው «ኧረ ፍቱት! ደሙን አነቃችሁት!» ባይሉ ኖሮ እጃቸው በጠፋ ነበር። የታሰረ እጅ ካበጠ፣ ከደነዘዘ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ከጠቆረ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ይላላ። ወጌሻም ቢያስረው ያው ነው። ቀለበት ካለ እብጠቱ ሳይመጣ ይውለቅ። ከአውራ ጣት ሥር ባለችው ጎድጓዳ ላይ ሲነኩት የሚያም ከሆነ፣ ጣቶቹ ቢንቀሳቀሱም እንኳ አጥንት ተሰብሮ ሊሆን ስለሚችል ወደ ሐኪም መሄድ ነው። የእኚህም አባት እንዲሁ ነበር።

የተቆረጠውን ግን በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ መያዝና እጁን ከልብ በላይ ከፍ ማድረግ ነው። ደሙ ሲቆም በንጹሕ ውሃና በሳሙና ይታጠብ። ቡና፣ አመድ፣ እበት አይነስነስበት። በአፈርና በእበት ውስጥ የመንጋጋ ቆልፍ ጀርም ይኖራል፤ ይህ በሽታ ይገድላል። መከላከያው ክትባት ነው። ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄደው «የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ያስፈልገኛል ወይ?» ብለው ይጠይቁ።