እንገሩ አይደፋ፦ ለመጀመሪያ ልጅ እናትና ለቤተሰቧ
(በሬዲዮ ከቀረበ ንግግር)

የዛሬው ርዕሳችን የመጀመሪያ ልጇን የምትጠብቅ እህት ጡት ለማጥባት ከወዲሁ ምን መዘጋጀት እንዳለባት ነው። ንግግራችን ለእርሷ ብቻ አይደለም፤ ለባሏ፣ ለእናቷና ለአማቷም ነው። ልጁ በተወለደ በመጀመሪያው ሰዓት ወደ አፉ የሚገባውን የምትወስነው ብዙ ጊዜ እርሷ አይደለችምና።

ፈረስ መጋላ አካባቢ አንዲት ሴት መውለጃዋ ሲቃረብ ቤተሰቡ ይሯሯጣል። መኪና ግርግር ካሉት ልብስ ሰፊዎች ዘንድ የሕፃኑ ልብስ ይሰፋል፤ የገንፎው እህል ይፈጫል፤ ቅቤው ይነጠራል፤ የአቂቃው በግ ይታሰባል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ስለ ወተቱ ግን የሚነጋገር የለም። «አላህ ይሰጣታል» ይባላል። ሪዝቅ ከአላህ መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን ያ ሪዝቅ በመጣ ጊዜ «ቆሻሻ ነው» ተብሎ ቢደፋስ?

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከጡት የሚወጣው ወፈር ያለ፣ ቢጫ መሰል ወተት እንገር ይባላል። የተበላሸ ስለሚመስል በብዙ የአገራችን ክፍሎች ታልቦ ይደፋ ነበር፤ በምትኩ ሕፃኑ ቅቤ፣ የስኳር ውሃ ወይም የአብሽ ውሃ ይቀምሳል። ዛሬም ይህን ያልተዉ ቤቶች አሉ። እንገር ግን ሕፃኑን ከበሽታ የሚከላከሉ ነገሮች የታጨቁበት ነው፤ ያንን ጥቁር የመጀመሪያ ዓይነ ምድርም ቶሎ እንዲወጣ ይረዳል። «ትንሽ ነው፣ አያጠግበውም» ለሚሉ፣ የሕፃኑም ሆድ ትንሽ ነው። በመጀመሪያው ቀን በአንድ ጊዜ የሚበቃው የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ብዙው ወተት በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን መካከል ይመጣል፤ የሚያመጣውም የልጁ መጥባት ነው። የስኳር ውሃ የጠጣ ልጅ ጠግቦ ይተኛል፣ አይጠባም። ያልተጠባ ጡት ደግሞ ወተቱ ይዘገያል። ከዚያ «ወተት የላትም» ትባላለች፤ ምስኪኗ እናትም ታምናለች።

እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ6 ወር በታች ካሉ ሕፃናት ጡት ብቻ ይጠቡ የነበሩት ከ100ው 58 ያህሉ ነበሩ። የሚመከረው ግን እስከ 6 ወር ድረስ፣ ሐኪም ካዘዘው መድኃኒት በቀር ውሃ እንኳ ሳይጨመር፣ ጡት ብቻ ማጥባት ነው።

«ታዲያ ተሕኒክስ?» የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ተምር አላምጦ የጨቅላውን ላንቃ መቀባት የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሱና ነው። ሱናው ግን መቀባት እንጂ መመገብ አይደለም። በታጠበ ጣት፣ እጅግ በጥቂቱ፣ ጡቱን ከያዘ በኋላ ቢሆን ጡት የሚያዘገይ አይሆንም። የሚያስለው ወይም አፉ የቆሰለ ሰው አያላምጥለት። ማር ግን አንድ ዓመት ላልሞላው ልጅ በፍጹም አይሰጥም፤ ለጨቅላ አደገኛ የሆነ መርዝ የሚያመነጭ ተሕዋስ ሊኖርበት ይችላል። ልጁ ያለጊዜው የተወለደ ወይም የታመመ ከሆነ ደግሞ ሐኪሙ ሳይጠየቅ ምንም አይቅመስ። ተሕኒክ ግዴታ አይደለም።

እህቴ፣ በእርግዝና ክትትልሽ ጊዜ፣ በጤና ጣቢያም ሆነ በጁገል ወይም በሕይወት ፋና ሆስፒታል፣ አዋላጇን አሁኑኑ አነጋግሪያት። «ልጄ እንደተወለደ ደረቴ ላይ አስተኙልኝ፤ በመጀመሪያው ሰዓት ላጥባው» በያት። በኦፕሬሽን የወለደችም ብትሆን እንደነቃች በእርዳታ ማጥባት ትችላለች። ጡትን ለማጠንከር እያሉ የጡት ጫፍን በሻካራ ጨርቅ መፈተግ አያስፈልግም፤ ያቆስላል እንጂ። ይልቅስ አያያዙን ተማሪ፦ የልጁ አፍ በሰፊው ይከፈታል፣ ጫፉን ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለውን ጥቁሩን ክፍል ጭምር ይጎርሳል፣ የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ይገለበጣል፣ አገጩ ጡቱን ይነካል። እያመመሽ ከቀጠለ አያያዙ ልክ አይደለም፤ ትንሿን ጣትሽን በአፉ ጥግ አስገብተሽ አላቅቂውና እንደገና አስይዢው። በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል። ይህ ወተትሽ ማነሱን አያሳይም፤ የጨቅላ ልማድ ነው።

አባወራዎች ደግሞ ሱረቱል በቀራ አንቀጽ 233ን እናስታውስ። ብዙዎቻችን ሁለት ዓመት የሚለውን ይዘን ሌላውን እንረሳለን። አንቀጹ የእናቲቱን ምግብና ልብስ በአባት ላይ ያደርጋል፤ ጡት ማስጣሉንም በሁለቱ ምክክርና ስምምነት ያደርገዋል። ስለዚህ ለአራሷ በቀን ተጨማሪ ማዕድ፣ በቂ ውሃ፣ ከእንግዳ ግርግር ዕረፍት መስጠት ችሮታ አይደለም። ተቀጣሪ ከሆነች በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ አላት። ስድስት ወር ስለማይሞላ ወተቷን አልባ በንጹሕ ዕቃ ማስቀመጥን ቀደም ብላ ትልመድ።

አራስ ጥየቃ በሚመጣ ጊዜ ጫቱም አብሮ ይቀርባል። የጫት አነቃቂ ንጥረ ነገር ወደ እናት ወተት እንደሚያልፍ በምርመራ ታይቷል። የምትቅም እናት የምግብ ፍላጎቷም ይቀንሳል። እንግዳ ቢከፋው ይክፋው፤ አራሷ ፊት ባይቀርብ ይሻላል።

ረመዷን ቢገባ፣ ለራሷ ወይም ለልጇ የምትሰጋ አጥቢ እናት እንድታፈጥር ሸሪዓ ፈቅዶላታል፤ ቀዷውን ወይም ፊድያውን በተመለከተ የመዝሀብ ልዩነት ስላለ ዓሊም ትጠይቅ። ወተት ዘገየ ብላ ጎረቤት ልጁን በደግነት ብታጠባውም ነገሩ ቀላል አይደለም። በአካባቢያችን በሚበዛው የሻፊዒ መዝሀብ፣ ከሁለት ዓመት በታች የሆነ ልጅ አምስት ጊዜ ከጠባ የጡት ዝምድና ይጸናል፤ ነገ በኒካሕ ጉዳይ ይጠየቃል። በሽታም ሊተላለፍ ይችላል። ከሆነ ግን ማን፣ መቼ፣ ስንት ጊዜ እንዳጠባች ይጻፍ።

ወተቱ መብቃቱ የሚታወቀው በልቅሶው ሳይሆን በሽንቱ ነው፤ ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ በ24 ሰዓት ቢያንስ ስድስት ጊዜ ይሸናል። መጥባት እምቢ ካለ፣ ከፈዘዘ፣ ሰውነቱ ካተኮሰ ወይም ከቀዘቀዘ፣ ወይም እናቲቱ ጡቷ ቀልቶና ጠጥሮ ትኩሳት ከያዛት፣ ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ ወደ ሆስፒታል ውሰዷቸው።