በብርዕና በሰሌዳ የሚሣል የኮምፒዩተር ሥዕል፤ የማን እጅ ሥራ ነው?

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በኤሌክትሮኒክ ብርዕና ታብሌት በሚባለው የሥዕል ሰሌዳ የሚሠራ ሥዕል ከእጅ ተነሥቶ ስክሪን ላይ እስኪታይ ድረስ የሚሄድበትን መንገድ መግለጽ ነው። ነገሩ የመሣሪያ ጉዳይ ብቻ ቢመስልም በውስጡ በተማሪዎችና በመምህራን መካከል ብዙ ጊዜ የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «በኮምፒዩተር የተሣለ ሥዕል የሠዓሊው ነው ወይስ የመኪናው?» የሚል ነው። አንድ የትምህርት ጓደኛዬ የአያቱን መልክ ሦስት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ እየተቀመጠ ሥሎ ለአንድ የተማሪዎች ትርኢት ቢያቀርብ፣ ዳኞቹ «ይህን የሠራው ኮምፒዩተር ነው» ብለው ከሌሎቹ ጋር ሳያወዳድሩ መለሱበት። ዳኞቹን ለመውቀስ አልተነሣሁም፤ መሣሪያው የሚሠራውንና የማይሠራውን ለይቶ ያስረዳቸው ሰው አልነበረምና። እኔም በበኩሌ ጥያቄው በስሜት ሳይሆን መሣሪያውን ከፍቶ በማየት ሊመለስ ይገባዋል እላለሁ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል ያስፈልጋል።

የሰውን እጅ እንቅስቃሴ በኤሌክትሪክ ለመያዝ የተደረገው ሙከራ ከኮምፒዩተር ይቀድማል። አሜሪካዊው ኤሊሻ ግሬይ በ1888 ቴሌአውቶግራፍ ለተባለው መሣሪያ የፈጠራ መብት አገኘ፤ በዚህ መሣሪያ አንድ ሰው እዚህ ሲጽፍ በሽቦው ወዲያኛው ጫፍ ያለው ብርዕ ያንኑ ጽሕፈት እየተከተለ ይጽፍ ነበር። በ1963 ኢቫን ሰዘርላንድ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ለዶክትሬት ባቀረበው ጥናት ስኬችፓድ የተባለውን የሥዕል ፕሮግራም አሳየ። የእርሱ ብርዕ በቀጥታ ወደ ስክሪኑ የሚደገን ነበር፤ ብርሃን ይረጫል ብለው የሚገምቱ አሉ፣ ሥራው ግን የስክሪኑን ብርሃን መቀበል ነበር። በ1964 ደግሞ ራንድ የተባለው የአሜሪካ የጥናት ድርጅት ሰሌዳውን ከስክሪኑ ለይቶ በጠረጴዛ ላይ አስተኛው። የዚያ ሰሌዳ ስፋት በያንዳንዱ ጎን ከ10 ኢንች ጥቂት የሚበልጥ ሲሆን፣ ከገጹ ሥር በቁመት 1,024 በአግድም 1,024 መስመሮች ተዘርግተውበት ነበርና ብርዑ ያለበትን ቦታ ከአንድ ሚሊዮን በሚበልጡ ነጥቦች መካከል ለይቶ ያውቅ ነበር። ዛሬ በተማሪ ቦርሳ ውስጥ የሚገኘው ሰሌዳ የዚህ የልጅ ልጅ ነው።

አሁን በሰፊው የሚሠራበትን ስልት ያስፋፋው በ1983 በጃፓን አገር የተቋቋመው ዋኮም የተባለው ኩባንያ ነው። ይህን ስልት በደንብ ማየት ይገባል፤ ሰዎች ከሁሉ ይልቅ የሚደነቁበት እዚህ ላይ ነውና። ብርዑ ገመድ የለውም፤ ብዙዎቹም ባትሪ እንኳ የላቸውም። ታዲያ ሰሌዳው ብርዑ ያለበትን እንዴት ያውቃል? በአንድ ቅኝት የተቃኙ ሁለት ክራሮች ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ የአንዱ ክር ሲመታ የሌላው ክር ማንም ሳይነካው ይርገበገባል። ሰሌዳውና ብርዑም እንደዚሁ ናቸው። ከሰሌዳው ገጽ ሥር የሽቦ ጥምጥሞች ተደርድረዋል፤ እነዚህ በየተራ ለአጭር ጊዜ የኤሌክትሮማግኔት ሞገድ ይልካሉ። በብርዑ ጫፍ አጠገብ ያለችው ትንሽ ጥምጥም ከዚሁ ሞገድ ጋር የተቃኘች ናትና ትርገበገባለች፤ ኀይሏንም የምታገኘው ከዚያው ነው። ከዚያ በኋላ ሰሌዳው ዝም ብሎ ያዳምጣል፤ ብርዑም የተቀበለውን መልሶ ያስተጋባል። ማሚቶው ከሁሉ በርትቶ የተሰማበት ሽቦ ለብርዑ የቀረበው ነው። የግራና የቀኙ ጎረቤት ሽቦዎች ምን ያህል እንደሰሙ ደግሞ ይመዘናል፤ ስለዚህ ብርዑ በሁለት ሽቦዎች መካከል ቢሆንም እንኳ ቦታው ከሚሊ ሜትር ባነሰ ስሕተት ይታወቃል።

የእጅ ጫናም የሚታወቀው በዚሁ መንገድ ነው። ጫፉ ሲጫን በብርዑ ውስጥ ያለው ክፍል በጥቂቱ ይገፋና የጥምጥሚቱ ቅኝት ይለወጣል፤ ሰሌዳው ይህን የቅኝት ለውጥ ለክቶ «ይህን ያህል ተጫነ» ይላል። አንዳንዶቹ መሣሪያዎች ጫናውን እስከ 8,192 ደረጃ ይከፍሉታል። (የሰው እጅ ይህን ሁሉ ደረጃ ለይቶ ይጫናል ብዬ አላምንም፤ ነጋዴ ግን ቍጥር ይወዳል።) ብርዑ ከገጹ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎም ይሰማል፤ በዚህ ጊዜ ስክሪኑ ላይ ምልክቱ ይንቀሳቀሳል እንጂ አይሥልም። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ዐይኑ ስክሪን ላይ፣ እጁ ጠረጴዛ ላይ ለሆነ ሰው ቦታውን ሳይነካ የሚፈልግበት ብቸኛው መንገድ እርሱ ነው።

እንግዲህ የሰሌዳው ሥራ እዚህ ላይ ያበቃል። ከሰሌዳው የሚወጣው መስመርም ቀለምም አይደለም፤ ቍጥር ብቻ ነው፤ ይህን ያህል ወደ ቀኝ፣ ይህን ያህል ወደ ታች፣ ይህን ያህል ጫና፣ በአንዳንዱም ይህን ያህል ማዘንበል፤ ይህም በአንድ ሰከንድ ሁለት መቶ ጊዜ ያህል ይደጋገማል። ሰሌዳው የፊት ገጽታን አያውቅም፤ ዐይን ከአፍንጫ በላይ እንደሚሆን አያውቅም። ከእጁ ያልመጣ ቍጥር ከሰሌዳው አይወጣም።

እግረ መንገዴን ለጀማሪ የሚጠቅም አንድ ስሌት ላንሣ። የሥዕል ቦታው 216 በ135 ሚሊ ሜትር የሆነ ሰሌዳ 1,920 በ1,080 ነጥብ ካለው ስክሪን ጋር እንዳለ ቢገጠም፣ በአግድም አንዱ ሚሊ ሜትር ወደ 8.9 ነጥብ ሲሆን በቁመት ግን 8 ነጥብ ይሆናል። ስለዚህ እጅ የሠራው ክብ ስክሪኑ ላይ በ11 በመቶ ያህል ወደ ጎን ይለጠጥና እንቍላል ይሆናል። ተማሪው እጁን ይረግማል፤ ጥፋቱ ግን የልኬቱ ነው። በሰሌዳው ማስተካከያ ውስጥ የሁለቱን ምጣኔ እኩል አድርጎ መጀመር ብዙ ሐዘን ያስቀራል።

ቍጥሩን ወደ ምልክት የሚለውጠው ፕሮግራሙ ነው። በፕሮግራሙ ውስጥ ብሩሽ የሚባለው ነገር ፀጉር የለውም፤ ማኅተም ነው ቢባል ይሻላል። ብርዑ በሄደበት መንገድ ላይ ፕሮግራሙ አንዲት ትንሽ ቅርጽ ደጋግሞ ያትማል። ለምሳሌ ስፋቱ 40 ነጥብ የሆነ ብሩሽ በየ4 ነጥቡ ቢታተም፣ 2,000 ነጥብ የሚረዝም መስመር 500 ማኅተም ነው፤ እጅግ ተቀራርበው ስለሚደራረቡ ዐይን አንድ መስመር አድርጎ ያያቸዋል። የያንዳንዱ ማኅተም ስፋት ወይም ድምቀት በእጅ ጫና ይወሰናል። ጫናው ከሙሉው ግማሽ ሲሆን ስፋቱም ግማሽ፣ ማለት 20 ነጥብ፣ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ሠዓሊው የጫናውን ሕግ ለውጦ ግማሽ ጫና አንድ አራተኛ ስፋት ብቻ፣ ማለት 10 ነጥብ፣ እንዲሰጥ ሊያዝ ይችላል። እጁ ከባድ የሆነ ሰው ሁለተኛውን ይመርጣል። ቁም ጸሓፊ የመቃ ብርዑን አፍ ለራሱ እጅ እንደሚስማማ አድርጎ እንደሚቀርጸው ሁሉ፣ የታብሌት ሠዓሊም ብርዑን የሚቀርጸው በዚህ ሕግ ነው። ይህን ሳይነኩ ፋብሪካው በሰጣቸው ብቻ የሚሥሉ ብዙዎች ናቸው፤ ሥዕላቸውም እርስ በርሱ የሚመሳሰለው በከፊል ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

ቀለም በቀለም ላይ ሲደረብም ሒሳብ ነው። ከሥር ያለው የቀይ መጠን 100፣ ከላይ የሚቀባው 200፣ ድፍነቱም አንድ አራተኛ ቢሆን፣ የ200 አንድ አራተኛና የ100 ሦስት አራተኛ ተደምሮ 125 ይሆናል። በዚህ ሒሳብ የሚሠራ አንድ ታላቅ ነገር ሌየር የሚባለው ንብርብር ነው፤ አንዱን ሥዕል በብዙ ብርሃን አሳላፊ ገጾች ከፋፍሎ መሥራት ማለት ነው። ፎቶሾፕ የተባለው ፕሮግራም በ1990 ሲወጣ ይህ አልነበረውም፤ ያገኘው በ1994 ነው። አሠራሩ ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ ይነድፋል፣ ቀጥሎ ቀለሙን ይሞላል፣ መጨረሻ ላይ በጥቁር መስመር መልክ ያወጣል። በታብሌትም ንድፉ በአንድ ሌየር፣ ቀለሙ በሌላ፣ መስመሩ በላይኛው ይሆናል። ልዩነቱ ግድግዳ ላይ ከተቀባ በኋላ ንድፉን ማግኘት የማይቻል ሲሆን፣ እዚህ ግን ሁሉም ተለያይቶ መቀመጡ ነው። ዋጋም አለው፤ በኢንች 300 ነጥብ የሚታተም የኤ4 ገጽ 2,480 በ3,508፣ ማለት 8.7 ሚሊዮን ያህል ነጥብ ነው። ለያንዳንዱ ነጥብ 4 ባይት ቢያስፈልግ አንዱ ሌየር 35 ሚሊዮን ባይት ያህል ይወስዳል። ሃያ ሌየር በሚከፍት ተማሪ ፊት አሮጌ ኮምፒዩተር ለምን እንደሚቆም ከዚህ ይታወቃል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ «ሥራው የእጅ ነው» ለሚለው ወገን ይመሰክራል። ሆኖም መኪናው ከራሱ የሚጨምርበት ቦታ የለም ማለት እውነትን መሸፋፈን ነው። የመጀመሪያው ቦታ በሁለት ልኬቶች መካከል ያለው ባዶ ነው። እጅ በሰከንድ 60 ሳንቲ ሜትር ቢሮጥና ሰሌዳው 200 ጊዜ ቢለካ፣ በሁለት ልኬት መካከል 3 ሚሊ ሜትር ይቀራል፤ በዚያች 3 ሚሊ ሜትር ላይ ያለውን ጥምዝ የሚገምተው ፕሮግራሙ ነው። ሁለተኛው ማረጋጊያ የሚባለው ነው። ይህ የመጨረሻዎቹን ብዙ ልኬቶች አማካይ እየወሰደ የእጅን መንቀጥቀጥ ያጠፋል፤ መስመሩም ከብርዑ ኋላ እየተጎተተ ይመጣል። ይህ ማታለል ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ጸሓፊው ብራናውን በወስፌ ወግቶ መስመር ካሰመረ በኋላ ቢጽፍ፣ ፊደሉ ቀጥ ብሎ መሰለፉን የወስፌው ሥራ ነው የሚል አላጋጠመኝም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሦስተኛው ነው፤ እርሱም የተሠራውን ወደ ኋላ የመመለስ ትእዛዝ ነው። ብራና ላይ የተሳሳተ ፊደል በስለት ይፋቃል፤ የተፋቀበትም ቦታ ሻክሮ ይታወቃል። በታብሌት ግን አንድ መስመር ሃያ ጊዜ ተሠርቶ ሃያ አንደኛው ቢቀር የቀደሙት ምልክት አይተዉም። ተማሪው መስመሩን ሳያስብ ይጥላል፣ ይሰርዛል፣ እንደገና ይጥላል፤ የሚወጣለት በዕድል ይሁን በችሎታ እርሱም አያውቀውም። ስለዚህ አንዳንድ ቀን ይህን ትእዛዝ ዘግቶ፣ በአንድ ሌየር ብቻ፣ ሳይሰርዙ መሣል ጥሩ ልምምድ ነው። መጀመሪያ ይከብዳል፤ ቀስ እያለ ግን እጅ ከመውረዱ በፊት ዐይን መለካት ይጀምራል።

እነዚህ መሣሪያዎች ለጀማሪና ለልጆች ብቻ የሚሆኑ አለመሆናቸውን ለማሳየት የእንግሊዛዊውን ሠዓሊ የዴቪድ ሆክኒን ነገር መጥቀስ ይበቃል። ሆክኒ በሸራ ሥዕሉ ታዋቂ ከሆነ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ1980ዎቹ ኳንቴል ፔይንትቦክስ በተባለው የቴሌቪዥን ድርጅቶች መሣሪያ ላይ በብርዕ ሣለ። በ2009 በእጅ ስልኩ ላይ በጣቱ፣ ከ2010 ጀምሮ ደግሞ በአይፓድ ይሥል ጀመር። በ2011 የዮርክሻየርን የጸደይ አመጣጥ በተከታተለበት ሥራው ውስጥ 51 የአይፓድ ሥዕሎች አሉ፤ እነዚህም በትልልቅ ወረቀት ታትመው በ2012 ለንደን በሚገኘው ሮያል አካዳሚ ለሕዝብ ታይተዋል። ለእኛ ጥያቄ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ሌላ ነው። ሆክኒ ይሥልበት የነበረው ፕሮግራም እያንዳንዱን መስመር በተሠራበት ቅደም ተከተል ይመዘግብ ስለ ነበር፣ ሥዕሉ ከባዶ ገጽ ጀምሮ እንደገና ሲሣል መመልከት ይቻል ነበር፤ እርሱም ይህንን በትርኢቶቹ ላይ አሳይቷል። የዘይት ቀለም ሥዕል የራሱን አሠራር ታሪክ እንዲህ ገልጦ አያሳይም።

ይህ መዝገብ ዛሬ አዲስ ጥቅም አግኝቷል። በ2022 በጽሑፍ ከተሰጣቸው ዐረፍተ ነገር ሥዕል የሚያወጡ እንደ ሚድጆርኒና ስቴብል ዲፉዥን ያሉ ፕሮግራሞች ለሕዝብ ቀረቡ። በ2023 ደግሞ ፎቶሾፕ ራሱ የተመረጠን ቦታ በጽሑፍ ትእዛዝ የሚሞላ ክፍል ጨመረ። በእነዚህ አሠራር ውስጥ ከእጅ የሚመጣ የቦታና የጫና ቍጥር የለም፤ ምስሉ የሚወጣው ፕሮግራሙ ቀደም ሲል ከተማረባቸው እጅግ ብዙ ምስሎች ነው። ሁለቱም «የኮምፒዩተር ሥዕል» በሚል አንድ ስም ስለሚጠሩ ግን የአንዱ ጥርጣሬ ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ በጓደኛዬም ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ስለዚህ አንድ መምህር ወይም ዳኛ «በኮምፒዩተር ነው የተሠራው?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ «መስመሮቹ ከየት መጡ?» ብሎ ቢጠይቅ ተጠያቂውም የሚመልሰው ነገር ያገኛል።

መልሱንም በፋይሉ ውስጥ ማሳየት ይቻላል። ክሪታ የተባለው በነፃ የሚገኘው ፕሮግራም የሥዕሉን ሂደት የሚቀዳ ክፍል አለው። ሌየሮቹ ሳይዋሐዱ የተቀመጠ ፋይልም ንድፉን፣ የተተወውን ሙከራ፣ ከቀለሙ ሥር የተሸፈነውን የመጀመሪያ መስመር ይዞ ይገኛል። እርግጥ ነው፣ በሌላ መንገድ የወጣን ምስል ከሥር አስቀምጦ በላዩ መገልበጥ የሚፈልግ ሰው ይህንንም ማስመሰል ይችላል፤ እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ሲኖር ሠዓሊው ከዳኞቹ ፊት ተቀምጦ ከሥዕሉ አንዱን ክፍል፣ ለምሳሌ እጅን ወይም የልብስን እጥፋት፣ እንደገና ቢሥል ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ለትርኢት የሚላከው በአንድ ገጽ የተዋሐደው ምስል ብቻ ከሆነ ግን ከዚህ ሁሉ አንዱም አይገኝም፤ ያ ምስል የሚያሳየው የመጨረሻውን ቀለም ብቻ ነውና። ስለዚህ ሥራውን የሚያቀርብ ተማሪ ዋናውን ፋይል ከነሌየሮቹ ለይቶ፣ በሌላ ዲስክም ደግሞ፣ ማስቀመጥ አለበት።