የደብረ ብርሃን ብርድ አያታልለን

በኅዳርና በታኅሣሥ ደብረ ብርሃን ላይ ሌሊቱን ውርጭ ይጥላል። ልጆች ጠዋት ሹራብ ደርበው ይወጣሉ፤ ረፈድ ሲል ግን ሹራቡን አውልቀው ባዶ ራሳቸውን ፀሐይ ሲሞቁ ይውላሉ። እናት «ይሙቁ እንጂ፣ የሚጎዳቸው ብርዱ ነው» ትላለች፤ አባትም ይስማማል። ውድ አንባቢያን፣ ለመሆኑ ብርድ ባለበት አገር ፀሐይ አትጎዳምን?

ትጎዳለች! ቆዳንና ዓይንን የሚጎዳው ሙቀቱ ሳይሆን የማይታየው አልትራቫዮሌት ጨረር ነውና። ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ይህ ጨረር በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ደብረ ብርሃን ደግሞ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ቁልቁል የሚወርድ ሰው ሙቀቱ ሲበረታ ይሰማዋል፤ ጨረሩ የሚበረታው ግን ከላይ፣ ብርዱ ካለበት ነው።

የዚህን ጨረር አደገኛ ክፍል አጣርቶ የሚያስቀርልን ኦዞን የተባለ ጋዝ ነው። በላያችን ያለው ሁሉ ተሰብስቦ መሬት ላይ ቢነጠፍ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ለምድር ወገብ በቀረቡ እንደ እኛ ባሉ አገሮች ከዚያም ያንሳል።

ታዲያ ይህን ያህል ስስ ነገር እንዴት ይለካል? አንዱ መንገድ ፊኛ ነው። ጎረቤታችን ናይሮቢ እ.ኤ.አ. በ1998 በተመሠረተው፣ ሻዶዝ በተባለው የመለኪያ ጣቢያዎች መረብ ውስጥ ትገኛለች። ፊኛው ትንሽ ሣጥን አንጠልጥሎ ይወጣል። በሣጥኑ ያለች ፓምፕ አየር እየሳበች ፖታሲየም አዮዳይድ የተባለ ጨው ወደሟሟበት ውሃ ታስገባለች። ኦዞኑ ከዚህ ጋር ሲገናኝ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ኦዞኑ ሲበዛ ኤሌክትሪኩም ይበዛል። ልኩም በሬዲዮ ወደ ምድር ይላካል። ፊኛው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ፣ አየሩ ስለሚሳሳ ከመጠን በላይ ተነፍቶ ይፈነዳል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. በ2009 የፀሐይን ብርሃን ከምድር ሆኖ በመመርመር ኦዞንን የሚለካ መሣሪያ ተተክሏል።

ይህ ልፋት ከንቱ አልቀረም። የአንታርክቲካ ኦዞን መመናመኑ እ.ኤ.አ. በ1985 ይፋ ከሆነ በኋላ፣ ጉዳቱ ከ12 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ መሆኑን ያሳዩት ፊኛዎች ናቸው። ጥፋተኞቹም በፍሪጅና በስፕሬይ ውስጥ የነበሩ ጋዞች ሆነው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ1987 በሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ፤ ኋላም የዓለም አገሮች በሙሉ ተቀበሉት። እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ የሆነው የተባበሩት መንግሥታት ግምገማ፣ ስምምነቱ ከተጠበቀ ኦዞን በአብዛኛው ዓለም በ2040 ገደማ ወደ 1980 መጠኑ እንደሚመለስ ገልጿል።

ይሁን እንጂ ኦዞን ቢያገግምም ከፍታችን አይቀንስም። ስለዚህ ባልና ሚስት ዛሬ ማታ ተነጋገሩበት። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ልጆች ጥላ ሥር ይጫወቱ፤ ካልሆነም ጠርዙ ሰፊ ባርኔጣ ያድርጉ። በማሳና በገበያ የሚውሉ አባቶችና እናቶችም ዓይናቸውን ይከልሉ፤ ለዓይን ሞራ ከሚያጋልጡት ነገሮች አንዱ ይኸው ጨረር ነውና። ብርዱን በሹራብ እንደምንከላከል፣ ፀሐዩንም በጥላ እንከላከል።