ለትንሽ ሪቮልቨር የሚሠሩ የሌዘር እጀታዎች ንጽጽር

በአሜሪካ አገር ከልብስ ሥር የሚያዝ ትንሽ ሪቮልቨር የሚገዛ ሰው ከሻጩ ዘንድ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ጥያቄ ይቀርብለታል፤ ይኸውም «የሌዘር እጀታ ይጨመርበት ወይ?» የሚል ነው። እጀታው ከሽጉጡ ዋጋ ጋር ሲተያይ ቀላል የማይባል ገንዘብ የሚያስወጣ ስለ ሆነ፣ ገዢውም ሻጩም የዕቃውን ጠባይ አስቀድመው ሊመረምሩት የሚገባ ነው።

ስሚዝ ኤንድ ዌሰን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1950 ቺፍስ ስፔሻል የተባለውን አምስት ጥይት የሚጎርስ ሽጉጥ ካወጣ ወዲህ፣ ጄ ፍሬም የሚባለው ትንሽ ዐይነት በዚያ አገር እጅግ ተሠራጭቷል። አፈሙዙ አብዛኛውን ጊዜ 5 ሳንቲሜትር አይሞላም፤ ማነጣጠሪያውም ትንሽ ስለ ሆነ በጨለማ ፈጽሞ አይታይም። በእጀታው ውስጥ የገባው ሌዘር ግን በዒላማው ላይ የብርሃን ነጥብ ስለሚጥል ይህን ጕድለት ይሞላል።

ገዢው ብርሃኑን አይቶ ይገዛል፤ በየቀኑ ይዞት የሚዞረው ግን እጀታውን ነው። በ1994 በኦሪገን የተቋቋመው ክሪምሰን ትሬስ ለዚሁ ሽጉጥ ካወጣቸው እጀታዎች ሦስቱን ብናነጻጽር ነገሩ ይገለጣል። ኤል ጂ 105 የተባለው አጭርና ጠንካራ ፕላስቲክ ስለ ሆነ ከኪስ ሲወጣ ጨርቅ አይዝም፤ ነገር ግን የሽጉጡ ብረት ከኋላ ተገልጦ ስለሚቀር የተኩሱ ግፊት መዳፍን ይጎዳል። ከጄ ፍሬም ቀላሎቹ 400 ግራም ገደማ ብቻ የሚመዝኑ ናቸውና ይህ በንቀት የሚታለፍ ነገር አይደለም፤ መዳፉ የታመመ ሰው ልምምድ ይተዋል። ኤል ጂ 305 ረዘም ያለ ስለ ሆነ ለትንሿ ጣት እንኳ ቦታ አለው፤ ዳሩ ግን ርዝመቱ ከኪስ ያጋልጠዋል። ኤል ጂ 405 አጭር ሆኖ በጎማ የተሸፈነና ከኋላው አየር የያዘ ትራስ ያለው ነው። ጎማው ጨርቅ መያዙ አይቀርም፤ ቢሆንም አንድ ዐይነት ብቻ ለሚያስቀምጥ ባለመደብር ከሦስቱ የሚሻለው ይኸው ነው።

የማብሪያው ቦታም ትልቅ ልዩነት ያመጣል። በእነዚህ እጀታዎች ላይ ማብሪያው በመካከለኛው ጣት ሥር ስለ ሆነ እጅ ሲጨብጥ ሌዘሩ ይበራል። በ2010 የወጣው ቦዲጋርድ 38 ግን ሌዘሩ ከአካሉ ጋር ተያይዞ ለብቻው የሚጫን ቍልፍ ነበረው። የደነገጠ ሰው ቍልፍ ይፈልጋል ብሎ መገመት አስቸጋሪ ነው።

ጨረሩ የሚነሣው ከአፈሙዙ ጎን እንጂ ከውስጡ አይደለም። ለምሳሌ 2 ሳንቲሜትር ወደ ቀኝ ፈንጠር ብሎ ቢነሣና በ15 ሜትር ላይ እንዲገጥም ቢስተካከል፣ በ7 ሜትር ተኩል ላይ ልዩነቱ 1 ሳንቲሜትር ይሆናል፤ በ30 ሜትር ላይ ደግሞ ነጥቡ 2 ሳንቲሜትር ወደ ግራ ያልፋል። በቅርብ ርቀት ይህ የሚያስጨንቅ አይደለም። ይልቁንስ በቀኝ እጁ የሚተኵስ ሰው ጠቋሚ ጣቱን በጎን ዘርግቶ ሲይዝ ጨረሩን ሊጋርደው ይችላል፤ የኪስ ብናኝም መስተዋቱን ይሸፍነዋል።

ስለ ቀለሙ ብዙ ይወራል። የሰው ዐይን በቀን ብርሃን ከሁሉ ይልቅ የሚቀበለው ወደ 555 ናኖሜትር የሚጠጋውን ስለ ሆነ አረንጓዴው ከቀዩ ደምቆ ይታያል፤ ነገር ግን ዋጋው ይበልጣል፣ ባትሪም ቶሎ ይጨርሳል። በጠራራ ፀሐይ ሁለቱም ይደክማሉ። የቀዩ እጀታ ባትሪ 2032 የሚባለው፣ በመኪና ቍልፍ ውስጥ የሚገኘው የሳንቲም ቅርጽ ያለው ነው፤ ቍጥሩም ስፋቱ 20 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 3.2 ሚሊሜትር መሆኑን ያመለክታል።

በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ ነገር በአዋጅ ቍጥር 1177/2012 የሚተዳደር ስለ ሆነ፣ ማንም ነጋዴ ሽጉጥን እንደ ጨርቅና እንደ ሳሙና አዝዞ የሚያስመጣው አይደለም። ንግዱ በተፈቀደበት አገር የሚሠራ ባለመደብር ግን ከማዘዙ በፊት የሽጉጡን ስም ብቻ ሳይሆን የእጀታውን አጥንት ቅርጽ መጠየቅ አለበት፤ ለክብ የተሠራው እጀታ በቀድሞዎቹ ባለ አራት ማዕዘን ሽጉጦች ላይ አይገጥምም፣ ለሩገር ኤል ሲ አር የተሠራውም በስሚዝ ላይ አይገባም።