የዘይት ፊልትሮ ሲገዙ ሊብሬዎን ይዘው ይሂዱ

መኪና ለብዙዎቻችን ከቤት ቀጥሎ ትልቁ የቤተሰብ ንብረት ነው። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ያለውን ሞተር ጠብቆ ማቆየት የቤተሰብን በጀት የመጠበቅ ያህል ሆኗል። ይሁንና የሞተርን ዕድሜ ከሚወስኑት ዕቃዎች አንዱን፣ የዘይት ፊልትሮን፣ ስንገዛ ብዙዎቻችን የምንለው «የቪትዝ ስጠኝ» ብቻ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና የሚነዱ ከሆነ እፎይ ይበሉ፤ የእርስዎ መኪና ይህ ዕቃ የለውም። ለሌሎቻችን ግን ጉዳዩ ጥቂት ደቂቃ ይገባዋል።

የፊልትሮው ሥራ ቀላል ይመስላል። ፓምፑ የሚገፋው ዘይት እርስ በርስ ወደሚፋተጉት የሞተር ብረቶች ከመድረሱ በፊት በፊልትሮው ወረቀት ውስጥ ያልፋል። የብረት ብናኝ፣ አቧራና ጥላሸት እዚያው ይቀራሉ። ችግሩ በሱቅ መደርደሪያ ላይ የሚያዩአቸው ፊልትሮዎች አብዛኞቹ መንትያ መምሰላቸው ነው። ልዩነታቸው ያለው ዓይን በማያያቸው ሦስት ቦታዎች ነው።

አንደኛው ጥርሱ ነው። በሆንዳ፣ በሂዩንዳይና በኒሳን ብዙ ሞተሮች ላይ ፊልትሮው የሚታሰርበት ብሎን ውፍረት 20 ሚሊ ሜትር ነው። በብዙዎቹ ቶዮታዎች ላይ ግን ሦስት አራተኛ ኢንች፣ ማለትም 19 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ልዩነቱ አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም። ስለዚህ ለ20 የተሠራው ፊልትሮ በጠባቡ ብሎን ላይ ይዞራል፣ የጠበቀም ይመስላል፤ የያዘው ግን በጥርሱ ጫፍ ብቻ ነው። መንገድ ላይ በንዝረትና በዘይት ግፊት ቢላቀቅ ሞተሩ ዘይቱን በደቂቃዎች ውስጥ ሊያፈስ ይችላል። ቤተሰብ ጭነው ወደ ሐዋሳ ሲጓዙ ቀዩ የዘይት መብራት ቢበራ ይህ ማለት ሊሆን ይችላል። ያኔ «ቀጣዩ ከተማ ልድረስ» አይባልም፤ ጥግ ይዞ ወዲያውኑ ሞተር ማጥፋት ነው።

ሁለተኛው የጎማ ቀለበቱ ስፋት ነው። ቀለበቱ ሞተሩ ላይ ከተዘጋጀለት ልሙጥ ቦታ ትንሽ እንኳ ወጣ ካለ ዘይት ያንጠባጥባል።

ሦስተኛው በውስጥ ያሉት ቫልቮች ናቸው። አንዱ ቫልቭ ወረቀቱ ሲደፈን ወይም ዘይቱ በብርድ ሲወፍር ተከፍቶ ሞተሩ ያለ ዘይት እንዳይቀር ያደርጋል። የሚከፈትበት ግፊት እንደ ሞተሩ ይለያያል፤ ቶሎ የሚከፈት ከሆነ ያልተጣራ ዘይት ያሳልፋል፣ አልከፈት ካለ ደግሞ ሞተሩን ያስጠማል። ሌላው ቫልቭ ሞተር ሲጠፋ ዘይቱ ከፊልትሮው ተመልሶ እንዳይወርድ ይይዛል። ይህ በተለይ ፊልትሮው በጎኑ ወይም አፉን ወደ ታች አድርጎ በሚታሰርባቸው መኪኖች ላይ ወሳኝ ነው። በታኅሣሥ ብርድ ማለዳ ሞተርዎ ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ የሚያንኳኳ ከሆነ አንዱ ምክንያት የዚህ ቫልቭ ድክመት ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ «የቪትዝ» ወይም «የኮሮላ» ማለት የማይበቃው ለዚህ ነው። ቪትዝ ባለ 1.0፣ ባለ 1.3 እና ባለ 1.5 ሊትር ሞተር አለው። በአንዳንዱ ኮሮላ ላይ ሙሉው ቆርቆሮ ተፈትቶ ይጣላል፤ በሌላው ግን ክዳኑ ተከፍቶ የውስጡ ወረቀት ብቻ ይቀየራል። ከዱባይ የገባውና ከአውሮፓ የገባው መኪና ስማቸው አንድ ሆኖ ሞተራቸው ሊለያይ ይችላል። «የ2008 ነው» ሲሉም በማን አቆጣጠር እንደሆነ ይግለጹ፤ የሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት ሌላ ሞተር ነው።

«የድሮውን ፊልትሮ ይዤ ሄጄ አስመስላለሁ» የሚሉም አሉ። ግን የድሮው ራሱ ትክክለኛ ስለመሆኑ ማረጋገጫዎ ምንድን ነው? ከእርስዎ በፊት የነበረው ባለቤት ወይም መካኒክ ያገኘውን አስሮት ከሆነ ስህተቱን እየደገሙት ነው።

መፍትሔው ሊብሬዎ ላይ ነው። የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩን ይዘው ወደ አስመጪው ወይም ካታሎግ ወዳለው መለዋወጫ ሱቅ ይሂዱና የፊልትሮውን ቁጥር ያውጡ። በቶዮታ ለምሳሌ የቆርቆሮዎቹ ቁጥር በ90915፣ የወረቀቶቹ በ04152 ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ፊደላትና ቁጥሮች ናቸው አንዱን ከሌላው የሚለዩት። የግድ የመኪናው ፋብሪካ ስም ያለበት ካልሆነ አልገዛም ማለትም አያስፈልግም። እንደ ቦሽና ማን ያሉ ታዋቂ አምራቾች የራሳቸው ቁጥር ከየትኛው ሞተር ጋር እንደሚስማማ በካታሎጋቸው ያሳያሉ።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ካርቶን እንዴት እንደሚያሳምን አውቃለሁ። «ለቶዮታ» የሚል ደማቅ ጽሑፍ ገዢ ይጠራል፤ ለየትኛው ቶዮታ እንደሆነ ግን አይናገርም። ስለዚህ ሶማሌ ተራም ይሁን ሰፈርዎ ካለው ሱቅ፣ ከመክፈልዎ በፊት ካርቶኑን ይክፈቱ፦

• ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ፊልትሮው ላይ ካለው ጋር አንድ ነው?
• ጽሑፉ የደበዘዘ ወይም ፊደል የተዛነፈበት ነው? ይህ የፎርጅድ ምልክት ሊሆን ይችላል።
• የጎማ ቀለበቱ ሳይሰነጠቅና ሳይጣመም በቦታው ተቀምጧል?
• ጥርሱ ንጹሕ ነው ወይስ ብናኝ ብረት አለበት?

ጋራዥ ሲደርሱም ሁለት ነገር ይጠይቁ። «የድሮው ጎማ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ አልቀረም?» ይበሉ፤ አዲሱ በላዩ ከታሰረ ዘይት መፍሰሱ አይቀርም። የአዲሱ ጎማ ዘይት ተቀብቶ ፊልትሮው በእጅ እንዲጠብቅም ያሳስቡ። ለአብዛኞቹ የቆርቆሮ ፊልትሮዎች ጎማው ከነካ በኋላ ሦስት አራተኛ ዙር ያህል ይበቃል፤ ትክክለኛው ልክ ብዙ ጊዜ ካርቶኑ ላይ ይገኛል። በመጨረሻም ሞተሩ ተነስቶ ጥቂት ይቆይና ከሥሩ ይታይ።

አንዴ ትክክለኛውን ቁጥር ካገኙ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። መኪናውን ለሰርቪስ የሚወስደው አንድ ቀን እርስዎ፣ አንድ ቀን ባለቤትዎ፣ ሌላ ቀን ሹፌሩ ሊሆን ይችላል፤ ቁጥሩ ሁሉም ስልክ ላይ ይኑር። ቀጣዩ ሰው ሱቅ ሲገባ «የቪትዝ ስጠኝ» ሳይሆን «ይህን ቁጥር ስጠኝ» ይበል።